ብር ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ

«ዶላር ስንት ገባ?»

ይህ ጥያቄ ድሮ የላኪና የአስመጪ፣ ሲበዛም ከውጭ ዘመድ ያለው ሰው ጥያቄ ነበር። ዛሬ ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅም ትጠይቃለች። ስልክ የሚጠግነው ጓደኛችንም ይጠይቃል። እኛም ደመወዝ በገባ ማግስት፣ ካለቀም በኋላ፣ እንጠይቃለን። መልሱን ሰምተን ራሳችንን እንነቀንቅና ወደ ሥራችን እንመለሳለን።

ዛሬ ግን ትንሽ ቆም ብለን ሌላ ጥያቄ ልናነሳ ነው። ጥያቄው የኛ አይደለም። ከቦንጋ ብዙም ሳንርቅ፣ ጊምቦ ወረዳ ውስጥ ካሉ አንድ አባት የሰማነው ነው። ጓዳቸው ጥግ ላይ ጀንፈል ቡና በጆንያ ተደርድሯል። መኸሩ ካለፈ ወራት ሆኖታል።

«አባባ፣ ለምን አይሸጡትም?» አልናቸው።

«ሽጬ ምን ልያዝ?» አሉን።

እኛ ደግሞ የተማርን ነንና «ብር ይይዛሉ፤ ባንክ ያስቀምጡታል» ብለን ልናስረዳቸው ሞከርን። ሳቁብን። ደብተር አላቸው እኮ! የባንኩን ደብተር ከኛ ቀድመው ነው ያወጡት። ስለዚህ «ሽጬ ምን ልያዝ?» የሚለው ጥያቄያቸው ካለማወቅ የመጣ አይደለም። እንዲያውም ስለ ብር ጥንካሬና ስለ ብሔራዊ ባንክ ወለድ ካነበብነው ሁሉ ይልቅ ነገሩን ገልጦ ያሳየን ይህ ጥያቄ ነው። እስቲ አብረን እንየው።

ፕሮፌሰሩ ምን ይላሉ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት በነበረው የሥራ ቀን አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። ውሳኔው በተላለፈ ዕለት የዓለም ገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ.) ለአራት ዓመት የሚዘልቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ።

በዚህ ጉዳይ ከውሳኔው ብዙ ዓመታት ቀድመው ድምፃቸውን ያሰሙ አንድ የኢኮኖሚ ምሁር አሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዓለማየሁ ገዳ። ክርክራቸውን በኛ አፍ እናጠቃልለው። የብርን ዋጋ ማውረድ ወጪ ንግድን የሚያሳድገው የሚላክ ዕቃ ቶሎ ማብዛት ሲቻል ነው። የኛ የወጪ ንግድ ችግር ግን ዋጋ ሳይሆን አቅርቦት ነው። የምናስገባው ደግሞ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያና መለዋወጫ ነው፤ ተወደደ ብለን የምንተወው አይደለም። ስለዚህ ብር በወረደ ቁጥር የምንልከው ሳይጨምር የምንገዛው ይወደዳል፤ ትርፉ የዋጋ ንረት ነው።

ይህ ክርክር በሥራ ተፈትኗል ለሚሉ ታሪክም አለ። በ1985 ዓ.ም. ብር ከ2.07 ወደ 5 ወረደ። ነሐሴ 2002 ላይ 17 በመቶ ገደማ፣ ጥቅምት 2010 ላይ ደግሞ 15 በመቶ ዋጋ እንዲያጣ ተደረገ። የመጨረሻውን ተከትሎ ወጪ ንግዱ ይፈነዳል ተብሎ ሲጠበቅ እንደታሰበው አልሆነም።

እኛ ቡና አገር ነንና ይህ ክርክር ይገባናል። የቡና ችግኝ ተተክሎ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። የካፋ የጫካ ቡና ደግሞ ጭራሹን ሰው የተከለው አይደለም፤ ዛፎቹ ጥላ ሥር በራሱ በቅሎ፣ ገበሬው መንጥሮ የሚለቅመው ነው። ብሔራዊ ባንክ ሰኞ ጠዋት መግለጫ አወጣ ተብሎ የጫካ ቡና ማክሰኞ አያብብም። እስከዚህ ድረስ ከፕሮፌሰሩ ጋር ነን።

ዛፉ በአንድ ዓመት አላደገም

ከዚህ በኋላ ግን አንድ የሚያስቸግር ቁጥር ይመጣል። በ2016 የበጀት ዓመት አገሪቱ የላከችው ቡና 300 ሺህ ቶን አይሞላም ነበር፤ ያስገኘውም 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። በ2017 የበጀት ዓመት፣ ማለትም ገበያው በተለቀቀ በመጀመሪያው ዓመት፣ ወደ 470 ሺህ ቶን ገደማ ተልኮ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ።

የዶላሩን ገቢ ለጊዜው እንተወው። የዓለም ዋጋ ራሱ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ የካቲት 2017 ላይ ኒው ዮርክ ገበያ አረቢካ ቡና በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፏል። የሚገርመው ቶኑ ነው። ከ300 ሺህ ያልሞላው በአንድ ዓመት 470 ሺህ ገደማ ሲገባ ትርፉ ቡና ከየት መጣ? ዛፉ እንደሆነ በአንድ ዓመት አላደገም።

ምርቱ ደህና የነበረበት ዓመት ስለሆነ ይህ ከፊሉን ያስረዳል። ቀሪውን ግን ዛፍ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን፤ ጓዳና መጋዘን ውስጥ፣ እንዲሁም በጨለማ ድንበር የሚሻገሩ መኪኖች ላይ። ቡናው ቀድሞም ነበረ ማለት ነው፤ ብር የሚሉትን ነገር ሸሽቶ ተደብቆ ነበር እንጂ።

እዚህ ላይ ፕሮፌሰሩም ተቺዎቻቸውም እኩል ያላዩት የሚመስለን ነገር አለ። ክርክሩ ሁሉ «ብር ሲረክስ ገበሬው ብዙ ያመርታል ወይስ አያመርትም?» በሚለው ላይ ነው። የጊምቦው አባት ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ያመረትኩትን በብር ልለውጠው ወይስ እንዳለ ልያዘው?» ነው። የመጀመሪያው የምንዛሪ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የወለድ ጥያቄ ነው።

የላኪውንም ነገር እናስታውስ። ገበያው ከመለቀቁ በፊት ብዙ ላኪዎች ቡናን አገር ውስጥ ከዓለም ገበያ ዋጋ በላይ እየገዙ በኪሳራ ይልኩ ነበር። እብደት አልነበረም። በቡናው የሚከስሩትን በሚያገኙት ዶላር በሚያስመጡት ዕቃ ያካክሱት ነበር። ይህ ማለት ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ ያኔም ቢሆን በ57 ብር ሒሳብ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ዶላር በእጥፍ ሲጨምር የገበሬው ዋጋም በዚያው ልክ በእጥፍ ይጨምራል ብሎ የጠበቀ ተሳስቷል። ጥቁር ገበያው ቀድሞ ሠርቶት ነበር። ምንዛሪውን መልቀቅ የተደበቀውን ዋጋ አደባባይ አወጣው። «ሽጬ ምን ልያዝ?» ለሚለው ግን መልስ አልሰጠም።

አሞሌ ሲሟሟ

ይህ ጥያቄ ለካፋ አዲስ አይደለም። የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. እስኪማረኩና ከዚያም ወዲህ ለብዙ ጊዜ በዚህ አገር ገበያ ላይ የሚዘዋወረው ማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር ምድር ተቆርጦ፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ ተጭኖ፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር እየተወደደ እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር።

አሞሌ ገንዘብ ነው፤ ግን ካፋ ደግሞ ዝናብ አይለየውም። ጨው ሲረጥብ ይሟሟል። ዛሬ ሙሉ የሆነ አሞሌ ክረምቱን በእርጥብ ቤት ቢያድር ጎኑ ተበልቶ ይገኛል። እንግዲህ አስቡት፤ ገንዘብህን አስቀምጠህ ስታበቃ በነሐሴ ስትከፍተው አንሶ ታገኘዋለህ። ዛሬ ኢኮኖሚስቶች «አሉታዊ እውነተኛ ወለድ» የሚሉትን የዚያ ዘመን ሰው በዓይኑ ያየው፣ በምላሱም የቀመሰው ይመስለናል። አሞሌው ሳይሟሟ ከብት ወይም ማር ቢገዛበት ማን ይፈርድበታል?

አሁን የዘመናችንን አሞሌ እንቁጠረው። በ2021፣ በ2022 እና በ2023 እ.ኤ.አ. የአገራችን አማካይ የዋጋ ንረት በቅደም ተከተል 27፣ 34 እና 30 በመቶ ገደማ ነበር። በነዚህ ሦስት ዓመታት ባንኮች እንዲከፍሉ የሚገደዱት ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። አንድ ሰው በሦስቱ ዓመታት መጀመሪያ 10,000 ብር በ7 በመቶ አስቀመጠ እንበል። በሦስት ዓመቱ ደብተሩ 12,250 ብር ይላል። ደስ ይላል! ግን በመጀመሪያው ቀን 10,000 ብር ያወጣ የነበረው አስቤዛ አሁን 22,000 ብር ገብቷል። ያ ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን ዋጋ ሲለካ 5,500 ብር ገደማ ቀርቷል። ዝናብ ሳይነካው፣ ሌባ ሳይገባበት፣ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ግማሹ ሊሟሟ ምንም አልቀረውም።

የጀንፈል ጆንያ ግን አይሟሟም። ነቀዝና እርጥበት ካልነካው ወራትን ይቆያል፤ ዶላር ሲጨምር አብሮ ይጨምራል። ታዲያ አባባ ምን አጠፉ? ቡናውን ያልሸጡት ገበያ ስላልገባቸው ነው የምንል ሰዎች ራሳችን ገበያው አልገባንም ማለት ነው። ኢርቪንግ ፊሸር የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ከመቶ ዓመት በፊት የወለድ ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማይናገር፣ ንረቱ ተቀንሶለት መታየት እንዳለበት ጽፎ ነበር። አባባ ፊሸርን አላነበቡም። መቀነስ ግን ያውቃሉ።

15 በመቶው የት ሄደ?

«ብሔራዊ ባንክ ወለድ አሻሽሏል እኮ!» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ፣ ገበያው ከመለቀቁ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ባንኩ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለድ ተመንን የገንዘብ ፖሊሲው ዋና መሣሪያ አደረገ። ተመኑም 15 በመቶ ተባለ። በወቅቱ ገዥ የነበሩት አቶ ማሞ ምሕረቱ ነበሩ። እስከ 2017 መጨረሻ ድረስም ቁጥሩ እዚያው ቆየ።

ይህ 15 በመቶ ግን የማን ነው? ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንኮች እርስ በርስ የሚገበያዩበት ዋጋ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጨረታ ትርፍ ገንዘብ ከባንኮች ሲሰበስብ ወይም ሲያበድራቸው የሚመራበት ነው። የእማማ ደብተር ላይ የሚጻፍ ቁጥር አይደለም። እማማ ደብተር ላይ የሚታየው በጥቅምት 2010 የተቀመጠው የ7 በመቶ ወለል ወይም ባንኩ በፈቃዱ የጨመረላቸው ጥቂት ነገር ነው። ሰኔ 2017 ላይ ንረቱ ወደ 14 በመቶ ወርዶ ነበር፤ በ2018 መጀመሪያ ወራትም መውረዱን ቀጥሏል፤ ይህ ምስጋና የሚገባው ነው። ቢሆንም 14 ሲበላ 7 የተከፈለው ሰው ያኔም አሞሌው እየሟሟ ነበር። አዝግሞ ሟሟ እንጂ መሟሟቱን አልተወም።

ልብ አድርጉ፤ በ2010 ዓ.ም. አቶ ተክለወልድ አጥናፉ ገዥ በነበሩበት ጊዜ ብር 15 በመቶ ሲወርድ፣ በዚያው ሰሞን ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከፍ ተደርጎ ነበር። ያኔ ቢያንስ ሁለቱ ነገሮች አብረው እንደሚሄዱ ታስቦ ነበር፤ ብርን ስታረክስ ብር የያዘውን ሰው ካስ። በ2016 ብር ከዚያ በብዙ እጥፍ ሲወርድ ግን የትንሹ ቆጣቢ ወለል አልተነካም።

የባንኩ ሐሳብ ይገባናል። «ወለድን ገበያው ይወስን፣ ባንኮች ይወዳደሩ» ነው። ጥሩ ነው። ግን ውድድሩ ማን ዘንድ ይደርሳል? ሚሊዮን ብር በጊዜ ገደብ የሚያስቀምጥ ሰው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ቡና እየጠጣ ይደራደራል። ሦስት ሺህ ብር ይዞ መስኮት ላይ የተሰለፈ ሰው ግን ወረፋውን ነው የሚጠብቀው።

አንድ ነገር እንጨምር። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ወለድ ሲጨምር ገንዘብ የሚጠነክረው የውጭ ባለሀብት ወለዱን ፈልጎ ዶላሩን ይዞ ስለሚመጣ ነው። ፖል ቮልከር የአሜሪካን ወለድ በ1980 እና 1981 እ.ኤ.አ. ወደ 20 በመቶ ሲያደርሱ ዶላር የጠነከረው በዋነኛነት በዚህ መንገድ ነው። እኛ ዘንድ ግን ያ በር ዝግ ነው ማለት ይቻላል፤ የውጭ ባለሀብት እንደ ልቡ ገንዘብ አስገብቶ፣ ወለድ በልቶ፣ እንደ ልቡ የሚያወጣበት ሥርዓት የለንም። ስለዚህ ለብር የሚሟገትለት የለንደን ባለሀብት አይደለም። ብር የሚጠነክረው የራሱ ሰው ብር ይዞ ማደር ሲያዋጣው ብቻ ነው። የብር ጥንካሬ የሚወሰነው ጊምቦ ጓዳ ውስጥ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ከቱርክ ትራስ ሥር

ይህን ቸል ያለ አገር ምን እንደገጠመው ለማየት ቱርክን እንመልከት። ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ራሳቸውን ኢኮኖሚስት ብለው የሚጠሩ ሰው ናቸው። እምነታቸውም ንረትን የሚያመጣው ከፍተኛ ወለድ ነው የሚል ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን ከ19 ወደ 14 በመቶ አወረደ። መስከረም መግቢያ ላይ አንድ ዶላር 8 ሊራ ገደማ ነበር፤ በ2022 መጨረሻ ከ18 ሊራ አልፏል። ንረቱ ጥቅምት 2022 ላይ ከ85 በመቶ በላይ ገባ።

የቱርክ ሰው ምን አደረገ? ያው አባባ ያደረጉትን። ሊራውን እየሸሸ ወርቅና ዶላር ያዘ። በነሱ አገር «ከትራስ ሥር» የሚሉት የተደበቀ ወርቅ አለ፤ የኛ ጀንፈል ወንድም መሆኑ ነው። በመጨረሻ መንግሥት አቅጣጫውን ቀይሮ ወለዱን መጋቢት 2024 ላይ 50 በመቶ አደረሰው። በጥቂት በመቶ የተቀነሰን ወለድ ለማስተካከል እስከዚህ ድረስ መጨመር! የሰው እምነት አንዴ ከወጣ ለመመለስ የሚጠይቀው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

«ወለድ ከጨመረ ወጣቱ ብድር አያገኝም»

ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ ዘለን አናልፈውም። ባንክ ለቆጣቢው ብዙ ከከፈለ ከተበዳሪው ብዙ ይጠይቃል። ገጠር ያሉ የቡና ገበሬዎች ማኅበራትና ዩኒየኖች በመኸር ወቅት እሸት ቡና ለመግዛት ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል። ገንዘቡ ከዘገየ ወይም ከተወደደ ገበሬው ለነጋዴ ሸጦ ይሄዳል። እኛም ብንሆን የሆነች ትንሽ ሥራ ለመጀመር ብድር የምንመኝ ነን።

ግን አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። በርካሹ ወለድ ዘመን ብድር ያገኘነው የትኞቻችን ነን? ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶውን የሚያህል ለብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንዲያውሉ ይገደዱ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ወለዱ 3 በመቶ ብቻ ነበር። የእማማ ቁጠባ በዚህ መንገድ ወደ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ሄደ። የቀረውም ቤትና ካርታ አስይዞ ለሚበደር ሰው ሄደ። ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ተጣለ፤ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢደረግም ወረፋው ላይ ማን ኋላ እንደሚቀር ለናንተ አይነገርም።

ብድር ርካሽ ሆኖ ሲያጥር የሚከፋፈለው በዋጋ አይደለም፤ በትውውቅና በመያዣ ነው። እኛ ደግሞ ሁለቱም የሉንም። ስለዚህ «ወለድ አይጨመር፣ ወጣቱ ይጎዳል» ሲባል የኛን ስም ለሌላ ሰው ጥቅም መጥራት እንዳይሆን እንፈራለን። የማኅበራቱ ነገር ግን እውነተኛ ነው፤ ለመኸር ግዢ የሚውል ብድር ለብቻው ታይቶ በጊዜው እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። የአንድ ወቅት ብድርን ለማቅለል ብሎ የሚሊዮን ቆጣቢን አሞሌ ማሟሟት ግን መፍትሔ አይደለም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ አዘውትሮ የሚነሳ። «የኛ ንረት የምግብ ንረት ነው፤ ወለድ ጤፍ አያበቅልም» ይባላል። እውነት ነው፤ አያበቅልም። ግን የበቀለው ቡናና እህል ከጓዳ ወጥቶ ገበያ እንዲደርስ ያደርጋል። ሰው ብርን ካመነ እህል ለማደለቢያ ሳይሆን ለመብል ይገዛል። በዚያ ላይ ንረትን ያባባሰው አንዱ ምክንያት መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደሩ ነበር። ይህ በ2017 የበጀት ዓመት እንደቆመ ተነግሯል። በዚሁ ከቀጠለ የቁጠባ ወለድን ከንረት በላይ ማድረግ እንደ ድሮው የሚያስፈራ ሸክም አይሆንም፤ ንረቱ በወረደ ቁጥር ክፍተቱ ራሱ ይጠባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እኛ ገዥ አይደለንም፤ አማካሪም አይደለንም። ግን የጠየቅነውን ጥያቄ ሳንመልስ ብንሄድ አባባ ይታዘቡናል።

አንደኛ፣ ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለዱን ባስታወቀ ቁጥር አንድ ሌላ ቁጥር አብሮ ይናገር፤ ንረት ከተቀነሰ በኋላ ትንሹ ቆጣቢ ያተረፈውን ወይም የከሰረውን። ያ ቁጥር በሬዲዮ ሲነበብ የብርን ጤንነት ከዶላር ተመን የበለጠ ያሳየናል።

ሁለተኛ፣ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ላይ ተቸክሎ መቅረት የለበትም። ወይ ከንረት ጋር ይያያዝ፣ ወይ ከፖሊሲው ወለድ ጋር ይያያዝ። ባንኩ ከላይ ሲያሻሽል ታች ያለው ሰውም ይሰማው።

ሦስተኛ፣ የግምጃ ቤት ሰነድ ለትንሽ ቆጣቢ ይድረስ። ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ኤም-አኪባ በሚል ስም ከ3,000 ሽልንግ ጀምሮ በስልክ የሚገዛ የመንግሥት ቦንድ ሸጣለች። እኛም በስልክ ገንዘብ መላክ ከለመድን ቆይተናል። ጊምቦ ያለ ገበሬ ሁለት ጆንያ ሸጦ ማታውኑ በስልኩ ከንረት በላይ የሚከፍል ሰነድ ቢገዛ፣ «ሽጬ ምን ልያዝ?» ለሚለው መልስ አገኘ ማለት ነው።

እነዚህ ካልሆኑስ? ያኔ የ2017ቱ የቡና ገቢ አንዴ የተከፈተ ጎተራ ሆኖ ይቀራል። ጎተራ አንዴ ነው የሚገለበጠው። የዓለም ዋጋ ሲወርድ፣ ብርም ሲንሸራተት፣ ቀጣዩ ምርት ተመልሶ ጓዳ ይገባል ወይም በጨለማ ድንበር ይሻገራል። ያኔ ደግሞ ፕሮፌሰሩ «አላልኳችሁም?» ቢሉን ምን እንመልሳለን?

አገሬው ለጨው የሚለው ነገር አለ፤ «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል።» እኛ ይህን ለብር እንላለን። በመግለጫ ብዛት፣ በጥቁር ገበያ ላይ በሚደረግ ዘመቻና በሰንደቅ ዓላማ ፍቅር ብቻ ማንም ብር ይዞ አያድርም። ይዞ ሲያድር ካልሟሟ ግን ማንም ሳይለምነው ይይዘዋል።

ባለፈው ሰሞን አባባን ተመልሰን ጠየቅናቸው። ጆንያዎቹ ቀንሰዋል። «ሸጡት እንዴ?» አልን በደስታ። «አዎ» አሉን፤ «ጊደር ገዛሁበት።»

ብር ጓዳቸው ሳያድር ወጥቶ ሄደ። ጊደሯ ግን በረት ውስጥ ቆማ ታየናለች።